የጠዋቱ የመጀመሪያ በረራ

ነዳጅ ካለቀ ወዲህ ሸለቆውን የምንሻገረው በገመድ ተጎትቶ በሚነሳ ሞተር አልባ አውሮፕላን ነው። ገመድ እየተበጠሰ ሰው ሲያልቅ፣ አዲስ ገመድ በመግዛት ፈንታ አዲስ ደንብ አወጡ፤ የገመድ ፈታሿ የቅርብ ዘመድ በጠዋቱ የመጀመሪያ በረራ ይሳፈር ተባለ። ፈታሿ እኔ ነኝ። ያለችኝም እማዬ ብቻ ናት።

ሁልጊዜ ከመሳፈሯ በፊት የቤቱን ቁልፍ ትሰጠኛለች። "ሽሮው ሰማያዊው ጣሳ ውስጥ ነው" ትለኛለች፣ እንደማይመለስ ሰው።

ዛሬ ገመዱን ስዳስስ ግራሶ የበዛበት ቦታ ላይ ጣቴ ቆመ። በቀሚሴ ጠረግሁት፤ ከሥሩ ግማሹ ክር ተበጥሷል።

"ይሄን ማን ሸፈነው?"

"እኔ። ለአንድ በረራ ይበቃል፣ አንቺ ዲፕሎማ የሌለሽ ኢንጂነር" አለኝ አለቃዬ ጋሽ ውብሸት። "ደግሞ እናትሽ ተሳፍረዋል። ሰዉ እሳቸውን ሲያይ ያምናል።"

"እኔ ግን አላምንም። ጣቴ ያወቀውን ያንተ ዲፕሎማ አያውቀውም።"

ቢላዬን አውጥቼ ገመዱን ለሁለት ቆረጥኩት። ጋሽ ውብሸት እዚያው አባረረኝ። ተሳፋሪውም ሻንጣውን እየጎተተ፣ እኔን እየረገመ ወረደ።

እማዬ መጨረሻ ወርዳ እጇን ዘረጋችልኝ። ቁልፉን ሰጠኋት። ጥቂት ከሄድን በኋላ ቆም አለች።

"በቦታሽ የሚቀጥሩት ሰው" አለችኝ፣ "እናት አለችው?"