ከጩኸቱ በፊት

ልጇ ቤት ውስጥ ዘፈን ሲለማመድ «በሬ ነው እንዴ የምታርደው?» ትለው የነበረችው እናቱ፣ ዛሬ ስቱዲዮ መጥታ ትልቁን ማዳመጫ ከሻሿ በላይ አጠለቀችና ዓይኗን ጨፈነች። ከባንዱ ጋር የሠራው፣ እየጮኹና እያገሱ የሚዘፈንበት የዴዝ ሜታል አልበም የአንድ ባልና ሚስትን ፍቅር ከተዋወቁበት ቀን አንስቶ ባልየው እስከሞተበት ድረስ ይተርክ ነበር። እሷ የምትሰማው መዝጊያውን ነው። ከበሮው እንደ ናዳ ወረደ፤ ጊታሩ ምቱን ደጋግሞ ቀያየረ፤ ከዚያ እሱ ከሆዱ ሥር ያወጣው ግሳት ሁሉንም ዋጠው። እናቱ የወንበሩን እጀታ ጨምድዳ ያዘች። ድምፅ ቀጂው የፈራች መስሎት ሊቀንሰው እጁን ሰደደ።

«ተወው የኔ ልጅ፣» አለችው።

ሲያልቅ ማዳመጫውን አውልቃ ጭኗ ላይ አስቀመጠችና ወደ ልጇ ዞረች። «አባትህ የሞተ ዕለት በሩ ሥር ቆመህ ነበር ማለት ነው።»

አንገቱን ደፋ። «አጠፋሁ እማ?»

«ጩኸቱስ እኔው ነኝ፤ ቁርጥ እኔን። ግን ከመጮኼ በፊት ጆሮዬን ደረቱ ላይ ለጥፌ አዳምጬ ነበር። ያን ማዳመጤን የት ጣልከው?»

ድምፅ ቀጂው ከግሳቱ በፊት ከበሮውንም ጊታሩንም ዝም አሰኘና ዘፈኑን እንደገና ከፈተው። ናዳው ወርዶ ወርዶ ድንገት ጸጥ ሲል፣ እናቱ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ጆሮዋን ሰጠች። ልጇ የገዛ ጩኸቱ እንዳይመጣ ተመኘ።