የሞተው ኮከብ ምት

ሳተላይቱ የሚልከው የኮከቡ የኤክስሬይ ጨረር ስክሪኑ ላይ ብልጭ ባለ ቁጥር፣ ዓይናቸው ከጠፋ የከረመው አባቷ በቀለበታቸው ጠረጴዛውን ይመቱ ነበር። ብልጭታው ድምፅ የለውም፤ በምን እንደሚያውቁት እግዜር ይወቀው። ኮከቡ የሞተ ነው፤ ሞቶም ከሕያው ጎረቤት ኮከቡ ጋዝ በስበቱ እየሳበ ያነዳል፣ በዞረ ቁጥርም ያበራል። እሷ ደግሞ ትዳሯን ትታ ሁለቱንም ታስታምማለች፤ አባቷንም፣ አባቷ ያገኙትን ኮከብም።

ድንገት ብልጭታው ቆመ። ቀለበቱም ዝም አለ።

«አባባ፣ ጠፋ እኮ» አለች፤ በሆዷ ግን እፎይ ብላ ነበር።

«አልጠፋም። ጎረቤቱ መስጠት አቁሞ ነው» አሉ ረጋ ብለው። «ምን ይደረግ፣ ሰጪም ይደክመዋል።»

ቀለበት የሌለው እጃቸው ጠረጴዛውን እየዳበሰ መጥቶ የእጇን አንጓ ያዘ። እጃቸው በረዶ ነበር። ጥቂት ቆይቶ ቀለበቱ እንደገና መምታት ጀመረ፤ በእሷ የደም ሥር ምት ልክ። ቀና ስትል ስክሪኑም አብሮ ብልጭ ይላል።