የሊማሊሞ መስታወት

ይርጋ ዳባት ላይ ለሚስቱ ሊነግራት ነበር፤ አልሆነለትም። ደባርቅ ሲደርሱም ወርዶ ቆሎ ገዝቶ ተመለሰ እንጂ ቃል አልወጣውም።

ሰው አንድን ተራራ በዕድሜው አንዴ ብቻ እንዲያይ ከተደነገገ ቆይቷል። በዚያ አንዴ ያለፈ ሰው ዳግም ሲመጣ በተቀመጠበት በኩል ያለው የመኪና መስታወት ሁሉ ይጠቁራል። ይርጋና ሚስቱ ስንዱ ሲጋቡ፣ ስሜንን አብረን እንጂ ለየብቻ አናይም ተባብለው ነበር። ለዛሬ ብሎ ሩቅ የሚያሳይ መነጽር ገዝቶላታል።

"ምን ያቁነጠንጥሃል?" አለችው። የወንበሩን ቀበቶ ሲፈታና ሲያስር ሦስተኛው ነው። መኪናው እንደሆነ ራሱን ይነዳል፤ እጁን የሚያሳርፍበት መሪ እንኳ የለውም።

የሊማሊሞ የመጀመሪያው ጥምዝ ላይ በይርጋ በኩል ያለው መስታወት ጠቆረ። ወዲያው የስንዱም ጠቆረ።

መኪናው በጨለማው ውስጥ ይዟቸው ቁልቁል ይጠማዘዛል።

"የጭነት መኪና ስነዳ ነው" አለ በመጨረሻ። "ተበላሽቶብኝ ቆየሁ ያልኩሽ ጊዜ። ምንም አልተበላሸም። ሁለት ቀን ሙሉ ገደሉ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ተራራውን ሳይ ነበር።" ወደ እሷ ዞረና፣ "አንቺስ መቼ ነው?" አላት።

ስንዱ የገዛላትን መነጽር አውልቃ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው።

"ያኔ ነዋ። ስትቀርብኝ ልፈልግህ መጣሁ።"

"ታዲያ አየሽው?"

"ቀና መች አልኩና" አለች። "መኪናህን ፍለጋ ገደል ገደሉን ነበር የማየው።"