የዋንዛው ክዳን

ጠራቢው አብዱልፈታሕ የሙዳዩን ክዳን ቀስ ብሎ ገጠመና ጢሙ ላይ የቀረችውን ስኳር በእጁ ጀርባ ጠረገ። ከቀበሌ ሱቅ በስንት ሰልፍ የተገኘውን ስኳር ሚስቱ ሐጂራ ለዒድ ብላ ነበር ያስቀመጠችው። ሙዳዩን የጠረበው እሱ ራሱ፣ ከሸቤ ከመጣ እርጥብ ዋንዛ ነው፤ ዕቃውን ከግንዱ ቀይ ልብ፣ ክዳኑን ከቅርፊቱ ሥር ካለው፣ ውሃ ካዘለው ነጭ እንጨት። ሲደርቁ ክዳኑ ይበልጥ ተኮማተረ፤ ሁለቱም ክብነታቸውን አጡ። ከዚያ ወዲህ ክዳኑ የሚገጥመው ዞሮ ዞሮ አንዲት ቦታ ላይ ሲደርስ ብቻ ነው፤ ያንን ደግሞ የአብዱልፈታሕ መዳፍ ያውቀዋል።

ሐጂራ ከጓሮ ገባች። ሙዳዩን አየችና ሳቋ አመለጣት።

«ማሎ፣ የፈድሊያ አባት! ዛሬም ቀመስክ?»

«ኧረ ወላ...» ብሎ መሐላውን ዋጠው። «ምን አይተሽ ነው? ይኸው ተከድኖ የለም እንዴ?»

«እሱን እኮ ነው የምልህ። ልጆቹ ሲሰርቁ ክዳኑ ተንሻፎ ነው የሚቀረው። እኔም ብሆን አንድ ቀን አስተካክዬ ከድኜው አላውቅም።»

ሁለት ብርጭቆ ሻይ ቀድታ መጣች። ለሁለቱም ስኳር ጨመረችና ሙዳዩን ወደ እሱ ገፋ አደረገችው።

«በል አንተው ክደነው» አለችው፤ «እኔ የነካሁት እንዳይመስል።»