ሰዓቱን የማያውቅ ካባ

ባለሙያው ቁራጭ መስታወት የመኝታ ክፍሉ ግድግዳ ስንጥቅ ላይ አጋድሞ በሲሊኮን ሲለጥፋት፣ የቤቱ ባለቤት ሳቁን መያዝ አቃተው። አርባ ዓመት ሙሉ የሰው መስኮት ላይ መስታወት ሲገጥም ያረጀ ሰው ነው፤ እንዲህ ያለ ጉድ ግን አይቶ አያውቅም።

«ምን ያስቅዎታል፣ አባባ?» አለ ባለሙያው ጣቱን በሶፍት እየጠረገ።

«ይቺ መስታወት ምን ልትሠራ ነው የተለጠፈችው?»

«ምስክር ናት። ግድግዳው ከተንቀሳቀሰ ትሰበራለች። ከተሰበረች መሥሪያ ቤታችን እዚህ ጎረቤታችሁ ላለው ድንጋይ ካባ የሚያፈነዳበትን ሰዓት ይወስንለታል። ካልተሰበረች ግን ያው እንደ ሥራው ሁኔታ ይቀጥላል።»

«ልጄ፣ ሲሊኮን እኮ ይለጠጣል! ግድግዳው አፉን ቢከፍት አብሮ ይሳባል እንጂ መስታወት አይሰብርም። እንድትመሰክር ከፈለግህ በጄሶ ነው ግጥም ተደርጋ የምትያዘው። አንተ ምስክሯን ፍራሽ ላይ አስተኝተህ ‹ያየሽውን ተናገሪ› ትላታለህ።»

ሚስቱ ከአልጋዋ ሳቀች። ሳቋ ወዲያው ሳል ሆነ። ዳሌዋ ከተሰበረ ሁለት ዓመቷ ነው። አልጋዋ ያለው ከዚያው ከስንጥቁ ሥር ነው፤ ክፍሏ ጠባብ ናት፣ ሌላ ማዞሪያ የላትም። ባለፈው ወር ከላይ የወደቀ ጡብ ትራሷን በስንዝር ነው የሳተው። ቀኑን ሙሉ ደጅ እንዳያውላት፣ ከሩብ ሰዓት በላይ ወንበር ላይ መቀመጥ አትችልም።

ሽማግሌው ካባው ይዘጋልኝ አላለም፤ ካሳም አልጠየቀም። የሚያፈነዱበትን ሰዓት ንገሩኝና ተሸክሜ ላውጣት፣ ነው ያለው። መልሱ ከካባው ድርጅት ከነማኅተሙ መጣ፦ «የፍንዳታ ሰዓት ከሥራው ጠባይ የተነሣ አስቀድሞ ሊታወቅ አይችልም።» አለት ቦርቡሮ ድማሚት የሚቀብር ሰው መቼ እንደሚለኩሰው አያውቅም ማለት ነው! ሌባ እንኳ የሚሰርቅበትን ሰዓት ያውቃል።

«መመሪያው ‹በማጣበቂያ› ነው የሚለው» አለ ባለሙያው ቆጣ ብሎ። «ሲሊኮን ደግሞ ማጣበቂያ ነው።»

«ንፍጥም ያጣብቃል።»

«ኧረ አንተ ሰውዬ! እንግዳ እኮ ነው» አለች ሚስቱ።

«እንግዳስ ጠያቂ ሲሆን ነው። ይሄ ቀባሪ ነው፤ ቀድሞ መጣ እንጂ።»

ባለሙያው የእጅ ሰዓቱን አየ። ቅጹን አገላበጠና እንደገና ሰዓቱን አየ። ከዚያ ቦርሳውን ብድግ አድርጎ «አንዴ ስልክ ልደውል» ብሎ ወጣ። በረንዳው ላይ አልቆመም። የግቢው መሀል ድረስ ሄዶ፣ ከግድግዳም ከአጥርም ርቆ ቆመ። ስልኩን ከኪሱ አላወጣውም።

ሽማግሌው በበሩ አሻግሮ እያየው ሳለ መሬቷ ከእግሩ ሥር ዘለለች። ድምፁ ኋላ ደረሰ። እሱ ሚስቱ ላይ ተደፍቶ ነበር፤ አቧራና የጡብ ፍርፋሪ ጀርባው ላይ ወረደበት። ቀና ሲል ስንጥቁ ጣት ያስገባል። መስታወቷ ጭረት እንኳ ሳይነካት በተለጠጠው ሲሊኮን ላይ ተንጠልጥላለች።

«አልተሰበረችም አይደል?» ባለሙያው ከግቢው ጮኸ። እዚያው ባለበት አንገቱን አስግጎ በበሩ አየና «አልተሰበረችም» ብሎ ጻፈ። ይህን ለመጻፍ ነው እንግዲህ አሥራ ስድስት ዓመት የተማረው። «በቃ አባባ፣ ወጣ ይበሉና ይፈርሙልኝ።»

ሽማግሌው ጀርባውን እንኳ አላራገፈም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ግባና እፈርምልሃለሁ።»

«እርስዎ ቢወጡ ምን ችግር አለው?»

«አንተስ ብትገባ? ግድግዳው ደህና ነው ብለህ ጽፈህ የለም እንዴ? ና፣ እዚህ ከሚስቴ አጠገብ ቁጭ በል። አንዲት ፊርማ ናት፤ ቶሎ እለቅሃለሁ።»

ባለሙያው አንድ እርምጃ ወደ በሩ ተራመደ። ሰዓቱን አየ። የተራመደውን መልሶ ወደ ኋላ ተራመደ።

ሽማግሌው ብርድ ልብሱን ሚስቱ ላይ ጠቀለለና አንድ ክንዱን ከአንገቷ፣ አንዱን ከጉልበቷ ሥር አስገባ።

«ምነው? ወዴት ልትወስደኝ ነው?»

«ደጅ።»

«አሁን ፈነዳ አይደል እንዴ? አለቀ እኮ።»

«ሌላ አለ።»

«ማን ነገረህ?»

«እሱ» አላት ባለሙያውን በአገጩ ጠቁሞ፣ ጥርሱን ነክሶ እያነሣት።

የበሩን ደፍ ተሻግረው ወደ ግቢው መሀል ሲመጡ ባለሙያው በትሕትና ቦታ ለቀቀላቸው። ሰዓት ያሰረበትን የግራ እጁን እጅጌ እስከ ጣቶቹ ድረስ ጎትቶ ይዞ ነበር።