ቢጫው መብራት

መንጃ ፈቃድ ባወጣች በሳምንቱ የአሮጌዋ መኪናቸው የሞተር ማስጠንቀቂያ መብራት በርቶ አልጠፋ አለ።

«ሳይጠፋ እንዳትነጃት፤ ሞተሩ ነክሶ ይቆማል» አላት ባሏ። እሱ ግን ቁስል ወደሚያሽግበት ክሊኒክ በየቀኑ ይነዳታል። «እኔ አመሏን አውቃለሁ» ይላል።

አንድ ጠዋት ቁልፉን ቀድማው አነሳችና ጋራዥ ገባች። መካኒኩ ጋሽ ሽመክት በኮምፒዩተር ፈተሹ፤ ሞተሩ ደህና ነው። ዳሽቦርዱን ሲፈቱ የመብራቱ ሽቦ መኪናዋ በተነሳች ቁጥር እንዲበራ ከቁልፉ መስመር ጋር ተቀጥሎ አገኙት። መቀጠያው በነጭ የቁስል ፕላስተር በጥንቃቄ ታሽጓል።

«ላጥፋልሽ?»

«ይተዉት፣ ይብራ።»

ባሏ ከሥራ ሲወጣ መኪናዋ ክሊኒኩ በር ላይ ቆማለች። እጁን ወደ ሾፌሩ በር ሰደደ።

«በዚያኛው በር ግባ» አለችው መሪውን እንደያዘች።