የተመለሰው መታጠፊያ

የአየር ቱቦው መታጠፊያ ከደንበኛው ቤት ተመልሶ መጣ ሲሏት ክው አለች። በኮምፒውተር በተሠራው የቤቱ ሞዴል ላይ የእያንዳንዱን ቁራጭ ልክ የምትጽፈው እሷ ናት፤ ወርክሾፑ ላሜራውን የሚቆርጠው የእሷን ቁጥር አምኖ ነው። ተሳስታ ከሆነ ከሥራዋ መባረሯ ነው።

«ያንቺ ጥፋት አይደለም» አሏት የወርክሾፑ ኃላፊ ጋሽ ደምሰው። «ሰውዬው ሰፋ ነው የሚለው። አርባ ሳንቲሜትሩን ሃያ አድርጊለት።»

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ምድር ቤት ያለው ክፍል ነው፤ መስኮት የለውም። በሃያ ይታፈናል።»

«ዕቃ ማስቀመጫ ነው ብሏል። ዕቃ ምን አየር ያስፈልገዋል? ቶሎ በይ፤ ዛሬውኑ ካልተሠራልኝ ብሎ ችክ ብሏል።»

ቁጥሩን ልትቀይር እጇን ማውሱ ላይ ብታሳርፍም አላስችል አላት። ሜትሯን ይዛ ወርክሾፕ ወረደች። መታጠፊያው መሬት ላይ ተጋድሟል። የእሷ መለያ ወረቀት አሁንም እንደተለጠፈበት ነው፦ አርባ በአርባ፣ ከጎኑ «ወደ ውጭ» የሚል ቀስት። ለካችው። ልክ ነው። እፎይ አለች። እስቲ ውስጡንም ልየው ብላ ተንበርክካ የስልኳን መብራት አበራች።

ላሜራው የሲሚንቶ አቧራ ለብሷል። አቧራው ላይ የሕፃን ልጅ መዳፎች ታትመዋል፤ ከኋላቸው ጉልበት የተጎተተበት መስመር አለ። ጣቶቹ ሁሉ የዞሩት ቀስቱ ወደሚያመለክትበት ነው።

«ሃያውን ጻፍሽው?» ብለው ተጣሩ ጋሽ ደምሰው፣ ከላይ።